ጤና አዳም የአይጥ አንጎል ላይ ምን ያደርጋል? ከገበያው እስከ ማይክሮስኮፑ

ሐረር ግድር መጋላ ገበያ ገብቼ «ጤና አዳም አምስት ኪሎ» ስል ሻጯ እናት ትክ ብለው አዩኝ። ሰው የሚገዛው ሁለት ዘለላ ነዋ። «ድግስ አለብህ እንዴ ልጄ?» አሉ። «አይ እናቴ፣ ለአይጥ ነው» አልኳቸው። ጎረቤታቸውን ጠርተው በኦሮምኛ ነገሯት፣ ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «አይጡም በጀበና ነው የሚጠጣው?» አሉኝ። ዋጋ ግን አልቀነሱልኝም።

ጤና አዳምን የማያውቅ የለም። ቡና ላይ ጣል ይደረጋል፣ አይብ ውስጥ ይገባል፣ ሆድ ሲቆርጥ ይጠጣል። ቅጠሉ ውስጥ ሩቲን የሚባል ፍላቮኖይድ አለ፣ አልካሎይዶች አሉ፣ ያ የምናውቀው ሽታ የሚመጣበት ተናኝ ዘይት አለ፣ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ውህዶችም አሉ። ፉራኖኩማሪን ቆዳ ነክቶ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። ተክሉ በብዛት ሲወሰድ ጽንስ ያስወርዳል ተብሎም ከጥንት ጀምሮ ይፈራል፤ ነፍሰ ጡር የሆነች ሰው ብትርቀው ይሻላታል። ትንንሽና ስብ የሚወዱ ሞለኪውሎች ደግሞ በደምና በአንጎል መካከል ያለውን አጥር ማለፍ ይቀናቸዋል። ስለዚህ «አንጎል ይነካል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ቅንጦት አይደለም።

ይሄ ጽሑፍ ሐረር ወይ ድሬ ሆናችሁ ለመመረቂያ እንዲህ ያለ ሥራ ለምትጀምሩ ነው። እኔ አልፌበታለሁ፣ አበላሽቼም አውቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይቺን ያዙ፦ አይጥ አንጎል ላይ የምታዩት «ጉዳት» ብዙ ጊዜ ቅጠሉ ያመጣው ሳይሆን እጃችሁ ያመጣው ነው። ተክሉን ከመክሰሳችሁ በፊት እጃችሁን ክሰሱ። ከታች ያለው ሁሉ የሚዞረው እዚችው ላይ ነው።

ወረቀቱ

ይሄ አጭር ነው። ከምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ ሳታገኙ አንድም አይጥ እንዳትነኩ። ፈቃዱ ከመጣ በኋላ ተሯሩጦ ቀን ወደኋላ መጻፍ የለም። ራስልና በርች በ1959 ያወጧቸው ሦስት ሕጎች አሉ፦ እንስሳ ሳይነካ መሥራት ከተቻለ ያንን ምረጡ፣ ካልተቻለ ቁጥሩን ቀንሱ፣ ሥቃዩን አቅልሉ። ኮሚቴው የሚጠይቃችሁ ዞሮ ዞሮ እነዚህን ነው። «ለምን ይሄን ያህል አይጥ?» ሲሏችሁ «የበፊት ተማሪዎችም ይሄን ያህል ነው የተጠቀሙት» ማለት መልስ አይሆንም።

ቅጠሉ

ገበያ የተሸጠላችሁ ሁሉ ጤና አዳም ነው ብላችሁ አትመኑ። ሻጯ አትዋሽም፣ ግን የእጽዋት ሊቅ «ሩታ ቻሌፔንሲስ ነው» ብሎ ካልፈረመበት የእናንተ ጥናት ስለማይታወቅ ቅጠል የተደረገ ጥናት ነው። አበባና ፍሬ ያለው ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ በጋዜጣ መሐል ተጭኖ ይድረቅ፣ የተለቀመበት ቦታና ቀን ይጻፍበት፣ ከዚያ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ኸርባሪየም፣ የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻው፣ ይሂድ። ቁጥር ይሰጡታል። ያ ቁጥር የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ላይ ይገባል።

ቅጠሉን ጥላ ውስጥ አድርቁ። ፀሐይ ላይ ማስጣት ይፈጥናል፣ በተለይ ድሬ፣ ግን ሽታው ሲጠፋ ዘይቱም አብሮ ሄዷል ማለት ነው። ስትለቅሙና ስትፈጩ ጓንት አድርጉ። እኔ ያለ ጓንት ለቅሜ በሰንጋ በር በኩል በቀትር ፀሐይ በእግሬ ወጣሁ፤ በማግስቱ ክንዴ ላይ የወጣው ቀይ ነገር ሁለት ሳምንት ቆየ። ፉራኖኩማሪንን ከመጽሐፍ በፊት በቆዳዬ ተማርኩት።

ስንት ቅጠል ነው የሚበቃው? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳትና በሃያኛው ቀን ከቅጠሉ ያወጣው ጭምቅ ያልቅበታል። አብረን እናስላ። ሦስት መጠን ይኑራችሁ፦ በኪሎ ክብደት 250፣ 500 እና 1000 ሚሊግራም። በየቡድኑ 10 አይጥ፣ እያንዳንዱ በአማካይ 200 ግራም፣ ለ28 ቀን። ትልቁ መጠን ለአንድ አይጥ በቀን 200 ሚሊግራም ነው፣ በ10 አይጥና በ28 ቀን ሲባዛ 56 ግራም። መካከለኛው 28፣ ትንሹ 14። ድምሩ 98 ግራም። አይጥ ያድጋል፣ መድኃኒት ይደፋል፣ የመጀመሪያው የመርዛማነት ፈተናም ድርሻ አለው። 150 ግራም በሉት። ከደረቅ ዱቄት የሚወጣው ጭምቅ 15 በመቶ ቢሆን 1 ኪሎ ደረቅ ቅጠል ያስፈልጋችኋል። እርጥብ ቅጠል አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ለቅሙ። እናትየው የሳቁብኝ ለዚህ ነበር።

ሁሉንም ባንዴ ለቅማችሁ ባንዴ አውጡት። ግማሹን በመስከረም፣ ግማሹን በጥር ካወጣችሁ ሁለት የተለያየ መድኃኒት ነው የያዛችሁት።

ጭምቁን ማውጣት

ዱቄቱን 80 በመቶ ሜታኖል ውስጥ ዘፍዝፉ፣ 72 ሰዓት፣ እየነቀነቃችሁ። በፋሻ ጨርቅ፣ ቀጥሎ በዋትማን ቁጥር 1 ወረቀት አጥልሉ። ዝቃጩን እንደገና ሁለት ጊዜ ዘፍዝፉት። ሜታኖሉ በሮታሪ ኢቫፖሬተር በ40 ዲግሪ ይተናል፣ የቀረውን ውሃ በረዶ ማድረቂያው ያወጣዋል፣ እሱ ከሌለ በ40 ዲግሪ ምድጃ በትዕግሥት። ጥቁር አረንጓዴ፣ የሚጣበቅ ነገር ይቀራችኋል። መዝኑት፣ ምርቱን በመቶኛ አስሉ፣ ብርሃን በማያስገባ ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ። ሜታኖል ዓይን ያጠፋል፤ በደንብ ካልተነነ አይጡን የጎዳው ሜታኖሉ ይሁን ቅጠሉ አታውቁም። እኔ አሁን ብሠራ 70 በመቶ ኤታኖል ነበር የምመርጠው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። እናቶቻችን ሜታኖል ውስጥ ዘፍዝፈው አያጠጡንም። ቡና ላይ የሚወጣው ሙቅ ውሃ ያወጣው ብቻ ነው። ከቻላችሁ በሙቅ ውሃ የወጣ ጭምቅ የሚወስድ አንድ ቡድን ጨምሩ። ያንን ያላደረገ ሰው መደምደሚያው ላይ «ኅብረተሰቡ መጠንቀቅ አለበት» ብሎ ሲጽፍ ሳይ ይደብረኛል።

አይጦቹ

በነገራችን ላይ እንግሊዝኛው ሁለት ስም ላለው እንስሳ እኛ ሁሉንም አይጥ እንላለን። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ትልቁ ነው፣ አይጠ መጎጥ የምንለው ወገን። ነጩ፣ ዊስታር ወይም ስፕራግ ዶውሊ የሚባለው ዘር። 8 ሳምንት ገደማ ዕድሜ ያለው፣ ሴቶቹ ያልወለዱና ያላረገዙ። ከታወቀ ማራቢያ ውሰዱ፤ ከአዲስ አበባ ነው አብዛኛው የሚመጣው። ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ የደረሰ አይጥ ደንግጧል፣ ቢያንስ 5 ቀን ይረፍ። እኔ ሳምንት ሙሉ ነው የምሰጠው።

ክፍሉ 22 ዲግሪ አካባቢ፣ 3 ዲግሪ ወደላይ ወደታች። 12 ሰዓት ብርሃን፣ 12 ሰዓት ጨለማ። ሐረር ላይ ይሄ አያስቸግርም፣ አየሩ ራሱ ይተባበራችኋል። ድሬ ላይ ግን ቀልድ የለም። ከዚራ ዛፍ ሥር ሻይ የሚጠጣ ሰው ያላበውን ያህል ቤት ውስጥ ያለ አይጥም ይቃጠላል፣ ልዩነቱ አይጥ ላብ የለውም፣ ሙቀቱን በጅራቱ በኩል ነው የሚያስወጣው። ሲሞቀው መብላት ይቀንሳል፣ ይከሳል። እናንተ «ጭምቁ ክብደት ቀነሰ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። የቀነሰው ድሬዳዋ ነው።

ሰጋቱራውንም ተጠንቀቁ። ከአናጢ ቤት በነፃ ይገኛል፣ ግን የጥድ ከሆነ ሽታው ውስጥ ያሉት ነገሮች የአይጡን የጉበት ኢንዛይም ያነቃሉ፣ ጉበቱ መድኃኒቱን ቶሎ ቶሎ ይሰብረዋል። ቀለም የተቀባ እንጨትም አይሆንም። ያልተቀባ፣ ሽታ የሌለው፣ አቧራው የተነፋ ይሁን።

መጠኑና አሰጣጡ

መጀመሪያ የሚመጣው አጣዳፊ መርዛማነት ፈተና ነው። የኦኢሲዲ (የበለጸጉ አገሮች የኢኮኖሚ ድርጅት) መመሪያ 425 ይባላል። ለአንድ ሴት አይጥ በኪሎ 2000 ሚሊግራም ትሰጣላችሁ። ከተረፈች በተራ በተራ ሌላ አራት። ከአምስቱ ሦስትና ከዚያ በላይ ከተረፉ፣ ግማሹን የሚገድለው መጠን ከ2000 በላይ ነው ማለት ነው። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ዓይናችሁን እንዳትነቅሉ፣ ቀጥሎ አራት ሰዓት በየመሐሉ፣ ከዚያ እስከ 14 ቀን በየቀኑ። ያን ጊዜ ስልክ የሚጎረጉር ሰው መንቀጥቀጡ ያመልጠዋል።

ዋናው የ28 ቀን ሥራ መመሪያ 407 ነው። ሦስት መጠንና አንድ ኮንትሮል (ጭምቅ የማይወስድ ማወዳደሪያ ቡድን)፣ በየቡድኑ 5 ወንድ 5 ሴት፣ በጠቅላላው 40 አይጥ። ኮንትሮሉ ባዶ አይቀርም፣ ጭምቁ የተሟሟበትን ፈሳሽ ይወስዳል። እሱም በጉሮሮ መርፌ ይጨነቃል፣ እሱም ይያዛል። አለበለዚያ ያወዳደራችሁት መርፌ የገባበትን አይጥ ካልገባበት ጋር ነው።

የምትሰጡት የፈሳሽ መጠን ለሁሉም እኩል ይሁን፣ በ100 ግራም ክብደት 1 ሚሊ ሊትር። የሚለየው ውፍረቱ ነው። ለ1000ው በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 100 ሚሊግራም፣ ለ500ው 50፣ ለ250ው 25። 200 ግራም የሚመዝን አይጥ 2 ሚሊ ሊትር ይወስዳል፣ 230 የሚመዝነው 2.3። እንዲህ ካደረጋችሁት ጠዋት ጠዋት እንቅልፋም ዓይን ይዞ ስሌት ውስጥ መግባት የለም።

መርፌው ጫፉ ድቡልቡል የሆነው ነው። ከአፉ እስከ መጨረሻው የጎድን አጥንት ለኩትና ምልክት አድርጉበት። አይጡን ከትከሻው ቆዳ ያዙት፣ አንገቱ ቀጥ ይበል፣ በምላሱ ጎን አስገቡ። ራሱ ይውጠው፣ አትግፉ። የሚገታችሁ ነገር ካለ ወይም አይጡ ካሳለ ሳንባ በር ላይ ናችሁ፣ ቶሎ አውጡ። በመጀመሪያው ሳምንት የሚሞት አይጥ በአብዛኛው በቅጠሉ አይሞትም፣ ሳንባው ውስጥ በገባ ፈሳሽ ነው የሚሞተው። የሞተውን ሁሉ ክፈቱ፣ ሳንባውን እዩ። እኔ ይሄን የተማርኩት ሁለት አይጥ «በመርዝ ሞቱ» ብዬ ከመዘገብኩ በኋላ ነው፤ ሳንባቸው አረንጓዴ ሆኖ አገኘሁት።

28ቱ ቀን

አሰልቺ ነው። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ስጡ፣ ክብደት መዝኑ፣ ፀጉሩን፣ አረማመዱን፣ ዓይኑን እዩ። ዓርብም፣ በዓልም፣ አረፋም፣ ጥምቀትም አይጡ አያውቅም። ተረኛ ጓደኛ ያዙ፣ በርጫ የሚያበዛውን ግን ለሰኞ ጠዋት አትመድቡት።

በአራተኛው ሳምንት የባህርይ ፈተናዎች አሉ። አይጡን ሰፊ ሳጥን ውስጥ ለ5 ደቂቃ መልቀቅና ስንት መስመር እንዳቋረጠ መቁጠር ቀላሉ ነው፣ ከጣውላ ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ። የማስታወስ ጉዳይ ካሳሰባችሁ የውሃው ፈተና፣ ሪቻርድ ሞሪስ የሠራው፣ አለ፤ አይጡ በደፈረሰ ውሃ ውስጥ የተደበቀውን መቆሚያ ፈልጎ እንዲያገኝ ነው። ገንዳው ሰፊ ነው፣ ውሃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር እሱን መሙላት ምን ማለት እንደሆነ የሐረር ሰው ያውቃል። ዋይ ቅርጽ ያለው መንገድ ውሃ አይፈልግም፣ እሱን ምረጡ። አንድ ምክር፦ እያንዳንዱ አይጥ ከወጣ በኋላ ሳጥኑን በአልኮል ጥረጉ፣ የቀድሞው ሽታ የሚከተለውን ያታልለዋል።

አንጎሉን ማውጣት

እዚህ ላይ ቀስ እንበል። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ነው።

የመጀመሪያ ሥራዬን ላውራላችሁ። አይጡን አደነዘዝኩ፣ አንገቱን ቆረጥኩ፣ ራስ ቅሉን ሰበርኩ፣ አንጎሉን ሞቅ እንዳለ በፒንሴት ይዤ ፎርማሊን ውስጥ ጣልኩ። ፈጣን ነበርኩ፣ በፍጥነቴም እኮራ ነበር። ከሳምንታት በኋላ ማይክሮስኮፕ ሥር ትልቁን መጠን የወሰዱት አይጦች ኮርቴክስ (የአንጎሉ የላይኛው ንብርብር) ላይ ጠቁረው የኮሰመኑ፣ ጭራቸው እንደ ቡሽ መክፈቻ የተጠማዘዘ የነርቭ ህዋሶች አየሁ። ደስታዬ! «ዶክተር፣ አገኘሁት፣ አንጎሉ ተቃጥሏል» ብዬ አማካሪዬን ጠራሁ። እሱ አየ፣ ዝም አለ፣ ከዚያ «ኮንትሮሉን አይተኸዋል?» አለኝ። አላየሁትም ነበር። አስገባነው። ኮንትሮሉም ላይ አሉ። እንዲያውም ይበዛሉ።

ጥቁር ነርቭ ይባላሉ። ካመርሜየር የሚባል ተመራማሪ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደጋግሞ አሳይቶታል፦ ያልጠነከረ፣ ገና ለስላሳ የሆነ አንጎል ሲነካ፣ ሲጨመቅ፣ ሲጎተት ህዋሶቹ ይኮማተሩና ይጠቁራሉ። መድኃኒቱ እጁ የለበትም። ጣታችሁ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ እነዚህን ህዋሶች በቀስት አመልክቶ «መርዛማ ጉዳት» ብሎ የሚጽፍ አይጠፋም።

መፍትሔው አንጎሉን ሳይነኩት ማጠንከር ነው፣ በደም ሥር በኩል። አይጡ በኬታሚንና ዛይላዚን ወይም በፔንቶባርቢታል በደንብ ይተኛ፣ የእግሩን ጣት ስትቆነጥጡት ምንም እንዳይል። ኤተር አትጠቀሙ፣ ይፈነዳል። ደረቱን ክፈቱ፣ ልቡ እየመታ ሳለ መርፌውን በግራው የልብ ክፍል አስገቡ፣ የቀኙን የላይኛ ክፍል በመቀስ ቁረጡ። መጀመሪያ 0.9 በመቶ የጨው ውሃ፣ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር፣ የሚወጣው ፈሳሽ እስኪጠራ። ጉበቱ ሲነጣ ታያላችሁ። ከዚያ 10 በመቶ ፎርማሊን፣ 300 ሚሊ ሊትር ያህል። እግሩና ጅራቱ ይንቀጠቀጥና ግትር ይላል። አትደንግጡ፣ ሥራው መሥራቱን የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ፓምፕ የለንም? እኛም አልነበረንም። ከፋርማሲ የሚሸጠውን የግሉኮስ መስመር ግዙ፣ ጠርሙሱን ከአይጡ በላይ ከ1.2 እስከ 1.5 ሜትር ከፍታ ስቀሉት፣ የስበት ኃይል የደም ግፊቱን ያህል ይገፋል። የኛ የተሰቀለው መስኮት ብረት ላይ ነበር። ሁለት ጠርሙስ በሦስት መንገድ ቧንቧ ካገናኛችሁ ከጨው ውሃው ወደ ፎርማሊኑ ስትቀይሩ አየር አይገባም።

ከዚያ ደግሞ አትቸኩሉ። ራሱን ቁረጡና ከነራስ ቅሉ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። በማግስቱ አንጎሉን አውጡ። ከኋላ፣ አከርካሪው ከሚገባበት ቀዳዳ ጀምራችሁ አጥንቱን በቁራጭ በቁራጭ ላጡ፣ ሽፋኑን በመቀስ ክፈቱ፣ ገልብጡትና ከሥሩ ያሉትን ነርቮች እየቆረጣችሁ በራሱ ክብደት ይውረድ። ሁለት ግራም ያህል ነው፣ ቅቤ የነካችሁ ያህል ያዙት።

ፎርማሊኑን ስታዘጋጁ፦ ከፋብሪካው ጠርሙስ 100 ሚሊ ሊትር፣ 900 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ፣ 4 ግራም ሞኖሶዲየም ፎስፌትና 6.5 ግራም ዳይሶዲየም ፎስፌት። ያለ ፎስፌቱ አሲድ ይሆንና ቡናማ ቆሻሻ ህብረ ህዋሱ ላይ ይተዋል፣ እሱንም ጉዳት ብለው የጻፉ አሉ። ፎርማልዴሃይድ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነው፣ መስኮት ክፍት፣ ጭምብልና ጓንት የግድ።

ሰሙ፣ ቢላዋው፣ ቀለሙ

አንጎሉ ከጠነከረ በኋላ በመስቀለኛ ሦስት ቦታ ቁረጡት። አንዱ የእይታ ነርቮች ከሚሻገሩበት ላይ፣ ሁለተኛው ከዚያ ኋላ የማስታወሻው ክፍል ሂፖካምፐስ በሚገኝበት፣ ሦስተኛው ሴሬቤለምን (ከኋላ ያለውን ትንሹን አንጎል) ከግንዱ ጋር። የሁሉም አይጥ በአንድ ቦታ ይቆረጥ። ከአንዱ የፊቱን፣ ከሌላው የኋላውን ወስዶ ህዋስ መቁጠር ብርቱካንን ከሎሚ ጋር ማመዛዘን ነው።

ከዚያ አልኮል በተራ፣ ከ70 እስከ 100 በመቶ፣ ዛይሊን፣ የቀለጠ ፓራፊን። 5 ማይክሮን ውፍረት፣ ቀለሙ ሄማቶክሲሊንና ኢኦሲን። የነርቭ ህዋስ ለመቁጠር ክሬሲል ቫዮሌት ይጨመር፣ ይረዳል።

እዚህ ሁለተኛው ኃጢአቴ አለ። ዓርብ ከሰዓት መብራት ሄደ። አንጎሎቹ 70 በመቶ አልኮል ውስጥ ነበሩ። «ሰኞ እንቀጥላለን» ተባለ፣ ሁላችንም ወደ ቤት። ያ ስብስብ የወጣ ጊዜ የአንጎሉ ነጭ ክፍል ወንፊት ሆኖ ነበር፣ ክብ ክብ ባዶ ቀዳዳ። አልኮል ውስጥ የቆየ አንጎል ይሄን ያደርጋል፣ ማይሊኑን፣ የነርቭ ክሮቹን የስብ ልባስ፣ ያሟሟዋል። ከመርዝ ጉዳት ለመለየት ያስቸግራል፣ ስለዚህ ያን ስብስብ ጣልነው። መብራት ይሄዳል ብላችሁ ስትጠረጥሩ አንጎሉን ፎርማሊን ውስጥ ተዉት፣ እዚያ ይጠብቃል። አልኮሉን የምትጀምሩት የሚያስጨርስ ሰዓት ሲኖራችሁ ብቻ። ደግሞ ከሁሉም ቡድን የተቀላቀለ ስብስብ አስገቡ፤ ትልቁ መጠን ብቻ ዓርብ ዕለት ገብቶ ቢሆን ኖሮ ምን ልንጽፍ እንደነበር አስቡት።

ስለ ውሃም ትንሽ። ሄማቶክሲሊን ሰማያዊ የሚሆነው በትንሹ አልካላይ በሆነ ውሃ ነው። የድሬ ውሃ ጀበናና ማሞቂያ የሚያነጣው ኖራ ስላለበት ለዚህ ጥሩ ያገለግላል። የጨው ውሃና ፎርማሊን ለመሥራት ግን በጭራሽ፣ የተጣራ ብቻ።

ማይክሮስኮፑ ፊት

ስላይዶቹን ራሳችሁ ኮድ አትስጡ። ጓደኛ የቡድን ስሙን ሸፍኖ ቁጥር ይለጥፍበት፣ ዝርዝሩን ይደብቅ። የሚያነበውም ፓቶሎጂስት ይሁን። ትልቁ መጠን የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ ዓይን ጉዳት ይፈልጋል፣ የፈለገ ደግሞ ያገኛል።

በመጀመሪያ ኮርቴክሱ፦ ስድስት ንብርብር፣ ሁሉም አለ ወይ? ከዚያ ሂፖካምፐስ፣ ሲኤ1 እና ሲኤ3 የሚባሉት ክፍሎችና ጥርሳማው ጥምዝ። እዚያ ያሉት ትልልቅ ህዋሶች ለጉዳት ቶሎ ይንበረከካሉ። ከዚያ ሴሬቤለም፣ የፑርኪንዬ ህዋሶች በአንድ ረድፍ እንደ ተሰለፈ ወታደር መቆም አለባቸው፣ ክፍተት ካለ ቁጠሩ።

እውነተኛ የሞተ ነርቭ ቀይ ነው። ህዋሱ ተኮማትሮ በኢኦሲን ደማቅ ሮዝ ይሆናል፣ እምብርቱ ይኮሰምናል። ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ ያው የእጃችሁን ጣጣ ጠርጥሩ። እውነተኛ ጉዳት ብቻውን አይመጣም፣ ቆየት ካለ ዙሪያውን ደጋፊ ህዋሶች በዝተው ታያላችሁ፣ የሞተውን የሚበሉ ህዋሶችም ይሰበሰባሉ። ባዶ ሜዳ ላይ አንድ ጥቁር ህዋስ ብቻውን ቆሞ ካያችሁ፣ በዙሪያው ማንም ካላዘነለት፣ አይጡ ከመሞቱ በፊት ሳይሆን ከሞተ በኋላ የተጎዳ ነው።

ቁጥሩና ጽሑፉ

ቡድኖቹን በስታቲስቲክስ ስታወዳድሩ፣ ክብደትና የህዋስ ቁጥር ከሆነ አኖቫ የሚባለው ፈተና፣ ቀጥሎ ቱኪ። ጉዳቱን ከ0 እስከ 3 ነጥብ ከሰጣችሁት ክሩስካል ዋሊስ። ከአንድ አይጥ 10 ስላይድ ብታዩ 10 አይጥ አይሆንም፣ አንድ ነው። የአንድ አይጥ አማካይ አንድ ቁጥር ሆኖ ይግባ።

የአንጎል ክብደት በመቶኛ ስታሰሉ ተጠንቀቁ። አይጥ ሲከሳ አንጎሉ አይከሳም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የከሳ አይጥ አንጎሉ በመቶኛ «አድጎ» ይታያል። አንጎሉን ብቻ መዝናችሁ በግራም ጻፉት።

ወደ ሰው ስትመልሱት ደግሞ የአይጡን መጠን በ6.2 አካፍሉ። 1000 ሚሊግራም በኪሎ የወሰደ አይጥ፣ ሰው ላይ 161 ያህል ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀን 9.7 ግራም ጭምቅ፣ በ15 በመቶ ምርት ወደ 65 ግራም ደረቅ ቅጠል። ቡና ላይ የምትጣለዋን አንዲት ዘለላ አድርቃችሁ መዝኑና አወዳድሩ። ይሄን ስሌት የውይይት ክፍላችሁ ውስጥ ካላስገባችሁ አንባቢ ወይ በከንቱ ይደነግጣል ወይ በከንቱ ይጽናናል።

ምንም ካላገኛችሁም ቃሉን ምረጡ። «ጉዳት አልታየም» ሌላ ነው፣ «ጉዳት የለውም» ሌላ። ሄማቶክሲሊንና ኢኦሲን የህዋስን መልክ ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ኢንዛይም ቢዛባ፣ የነርቭ መልእክተኛ ቢቀንስ መልኩ እንዳማረበት ሊቆይ ይችላል። 28 ቀንም 28 ቀን ነው፣ ቡና ደግሞ ዕድሜ ልክ ነው የምንጠጣው።

ሬሳው

ይሄን ማንም አይነግራችሁም። በፔንቶባርቢታል የተገደለ አይጥ ሬሳው ውስጥ መድኃኒቱ አይጠፋም፣ የበላው እንስሳ ይተኛል፣ ላይነሳም ይችላል። ሌላ አገር ይሄ የውሻና የአሞራ ጉዳይ ነው። ሐረር ላይ ግን ማታ ማታ ከጀጎል ውጭ ሥጋ በእንጨት የሚጎርሱ ጅቦች አሉ፣ ግንቡ ላይ ሳይቀር ቀዳዳ የተተወላቸው፣ እነሱም ቆሻሻ መጣያውን ከእኛ በላይ ያውቁታል። ስለዚህ ጥልቅ ያልሆነ ጉድጓድ አይበቃም፣ በማዳበሪያ ከረጢት አስሮ ማስቀመጥም አይበቃም። ማቃጠያው ድረስ ራሳችሁ ውሰዱት፣ እሳቱ እስኪይዝ ቁሙ።